ሄሞፊሊያ ኤ፦ ለፋክተር 8 ጉድለት የትኛውን ሕክምና እንምረጥ?

ሐኪሙ "ሄሞፊሊያ ኤ ነው፣ ከባዱ ዓይነት" ካለ በኋላ ቤተሰብ ድንጋጤው ሳይለቀው ምርጫ ውስጥ ይገባል። ከሰው ደም ፕላዝማ (ከደም ፈሳሽ ክፍል) የሚዘጋጅ ፋክተር፣ ማለትም የጎደለውን ደም አርጊ ፕሮቲን የሚተካ መድኃኒት፣ አለ። ያለ ሰው ደም በላብራቶሪ የሚመረት አለ። በሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ የተራዘመ አለ። ጭራሽ ፋክተር ያልሆነ፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋ አለ። አሁን ደግሞ ጂን ቴራፒ መጥቷል። ስለ ሁሉም "ጥሩ ነው" ይባላል። እውነትም ሁሉም ይሠራሉ። ግን ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ቤት እኩል አይሠሩም።

ይህ ጽሑፍ ለወላጆችና ለታካሚዎቹ ለራሳቸው ነው። የንግድ ስም አልጠራም፤ መድኃኒቶቹን በሕክምና ስማቸው ነው የምጠራቸው። ከሁሉ በላይ የማስቀድመው መስፈርት አንድ ነው። መከላከያው ከሁሉም ቀናት ዝቅ በሚልበት ቀን ልጁ ደም ውስጥ ምን ያህል ፋክተር ቀርቷል? ብዙ ጊዜ የሚወራው መርፌው እንደተወጋ ስለሚደረስበት ከፍታ ነው። መገጣጠሚያ የሚጎዳው ግን በዝቅታው ቀን ነው።

መጀመሪያ ጂኑና ፕሮቲኑ

ፋክተር 8 ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ፕሮቲን ነው። አሠራሩ የተጻፈው ኤፍ 8 በሚባለው ጂን ላይ ነው። ጂኑ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ጫፍ አካባቢ ነው። በጣም ትልቅ ጂን ነው፤ ወደ 186,000 የሚጠጉ የዲኤንኤ ፊደላት አሉት።

ወንድ ልጅ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም አንድ ብቻ ነው። ጂኑ ከተበላሸ ሌላ መጠባበቂያ የለውም። ለዚህ ነው በሽታው በአብዛኛው ወንዶች ላይ የሚታየው፤ ከ5,000 ወንድ ልጆች በግምት አንዱ ከዚህ ችግር ጋር ይወለዳል። ሴቶች ሁለት ኤክስ ስላላቸው ብዙ ጊዜ ተሸካሚ ይሆናሉ። ሆኖም የአንዳንዶቹ ፋክተር ዝቅ ብሎ ራሳቸውም ይደማሉ። የወር አበባዋ የሚበዛባትን ወይም ጥርስ ስትነቀል ደሟ አልቆም ያላትን ሴት "ተሸካሚ ብቻ ናት" ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። የእሷም መጠን ይለካ።

ከታካሚዎቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ደግሞ በቤተሰባቸው ውስጥ በሽታው ታይቶ አያውቅም። የጂኑ ለውጥ አዲስ ነው። ስለዚህ "ከየት መጣ?" ብሎ አንዱ ወገን ሌላውን መውቀስ አያስፈልግም።

ፕሮቲኑ በዋናነት የሚመረተው ጉበት ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች በውስጥ በኩል በሚሸፍኑት ሴሎች ነው። ወደ ደም ከገባ በኋላ ፎን ቪሌብራንድ ፋክተር ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይጓዛል። ይህ ፕሮቲን ፋክተር 8 ቶሎ እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል። የደም ሥር ሲቆረጥ ፋክተር 8 ከፋክተር 9 ጋር ሆኖ ፋክተር 10ን ያነቃል። ከዚያ ትሮምቢን የሚባለው ደም አርጊ ፕሮቲን በብዛት ይመረታል፣ ደሙም ጠንከር ብሎ ይረጋል። ፋክተር 8 ከሌለ መርጋቱ ይጀመርና ይልፈሰፈሳል። ለዚህ ነው ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ከሌላው ሰው በፍጥነት የማይደማው። ረዘም ላለ ጊዜ ነው የሚደማው።

ደረጃው የሚወሰነው በቀረው መጠን ነው። ከ1% በታች ከባድ ይባላል፣ ከ1 እስከ 5% መካከለኛ፣ ከ5 እስከ 40% ቀላል። ከባዱ ዓይነት ያለበት ልጅ ምንም ሳይመታ፣ ሳይወድቅም ጉልበቱ፣ ክርኑ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ሊደማ ይችላል።

ከምርጫው በፊት ሁለት ወረቀት እጃችሁ ላይ ይኑር። አንዱ ጉድለቱ የፋክተር 8 መሆኑን የሚያረጋግጥ ነው። ሄሞፊሊያ ቢ የፋክተር 9 ጉድለት ነው፤ ምልክቱ አንድ ዓይነት ሆኖ መድኃኒቱ ግን ይለያል። ሌላው፣ ከተቻለ፣ የጂን ምርመራ ውጤት ነው። ከባዱ ዓይነት ካለባቸው ወደ 45% በሚሆኑት ላይ የጂኑ ቁራጭ ተገልብጦ ይገኛል። እንዲህ ያለ ትልቅ ለውጥ ያለባቸው ሰዎች አካላቸው ፋክተር 8ን አይቶት ስለማያውቅ፣ መድኃኒቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የመዋጋት ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህ ምርጫውን በቀጥታ ይነካል።

በምን እንመዝን?

ዝቅተኛውን ቀን ከላይ አንስቻለሁ። ከ1% በላይ መቆየት የድሮው ዒላማ ነበር። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ከዚያ ከፍ ያለ፣ 3 ወይም 5% እና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። 1% ላይ ያለ ልጅም መገጣጠሚያው ውስጥ ይደማልና።

ቀጥሎ የአሰጣጡ መንገድ ይመጣል። ፋክተር የሚሰጠው በደም ሥር ነው። የአሥር ወር ሕፃን ክንድ ላይ፣ ከዚያ ወፍራም ሥጋ ሥር፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ደም ሥር መፈለግ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነርሷ ታስራለች፣ ትዳስሳለች፣ ትወጋለች፣ ታጣለች። ልጁ ሲሪንጅ ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። አንዳንዱ ደረቱ ላይ ከቆዳ ሥር ቋሚ መግቢያ ይቀበርለታል፤ እሱም ኢንፌክሽንና የደም መርጋት ሊያመጣ ይችላል። ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ሦስተኛው የመድማት ቀን ነው። መድኃኒቱ መከላከል ብቻ ነው የሚችለው ወይስ የጀመረን መድማትም ያቆማል? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም። መጠየቅ አለበት።

አራተኛው ኢንሂቢተር ነው። ይህ አካል ፋክተር 8ን ለመዋጋት የሚሠራው አንቲቦዲ ነው። ከባዱ ዓይነት ካለባቸው ወደ 30% በሚሆኑት ላይ ይፈጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 50 የመድኃኒት ቀናት ውስጥ። የሚለካው ቤተስዳ በሚባል ዩኒት ነው። ከ5 በላይ ከሆነ ፋክተር ብትሰጡትም ውኃ የማፍሰስ ያህል ነው።

የላብራቶሪ ክትትሉና አቅርቦቱም አሉ። አቅርቦትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ዘንድሮ ተጀምሮ ከርሞ ከሚቋረጥ ምርጥ መድኃኒት፣ ሳይቋረጥ የሚገኝ መካከለኛ መድኃኒት ይሻላል።

ሲደማ ብቻ ማከም

ይህን እንደ አማራጭ ለመቁጠር እቸገራለሁ፤ ግን በብዙ ቦታ የሚደረገው ይህ ስለሆነ ይነሳ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ጥናት 65 ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ግማሾቹ በየሁለት ቀኑ ፋክተር ለመከላከያ ወሰዱ። የቀሩት ሲደሙ ብቻ፣ ያውም በቂ መጠን ተሰጣቸው። 6 ዓመት ሲሆናቸው መገጣጠሚያዎቻቸው በኤምአርአይ ታዩ። ከመጀመሪያዎቹ 93% ጉዳት አልነበረባቸውም። ከሁለተኞቹ 55% ብቻ።

ምክንያቱ ይታወቃል። መገጣጠሚያ ውስጥ የፈሰሰ ደም ብረት ይተዋል። ብረቱ የመገጣጠሚያውን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣዋል፣ ሽፋኑ ያብጣል፣ አዳዲስ ስስ የደም ሥሮች ያበቅላል፣ እነሱ ደግሞ በቀላሉ ይደማሉ። አንዴ ከተጀመረ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል። የተበላ ልስልስ አጥንት በኋላ በሚሰጥ ፋክተር አይመለስም።

መደበኛው ፋክተር 8

ለብዙ ዓመታት የኖረ፣ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት መድኃኒት ነው። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ወላጅ ራሱ ሊሠራው ይችላል። በኪሎ 1 ዩኒት ሲሰጥ በደም ውስጥ ያለው መጠን በ2% ከፍ ይላል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በኪሎ 25 ዩኒት፣ ማለትም 500 ዩኒት ቢሰጠው ወደ 50% ይደርሳል።

አሁን ዝቅታውን እንይ። መደበኛ ፋክተር በአማካይ በየ12 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሰኞ ጠዋት 50% የነበረው ማታ 25 ይሆናል። ማክሰኞ ጠዋት 12.5፣ ማክሰኞ ማታ 6። ረቡዕ ጠዋት ከመርፌው በፊት 3% ገደማ ነው። እስከዚህ ደህና ነው። ልጁ መርፌ የሚወስደው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሆነስ? ከዓርብ እስከ ሰኞ 72 ሰዓት ነው። እሁድ ጠዋት 3%፣ ሰኞ ጠዋት ከ1% በታች። ትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ከዚህም ቶሎ ያልቃል፤ ለብዙዎቹ ግማሹ የሚጠፋው ከ12 ሰዓት በፊት ነው። እንግዲህ ልጁ ትምህርት ቤት በማይሄድበት፣ ሲሮጥ በሚውልበት ቀን ነው መከላከያው የሚሳሳው። የኳስ ቀኑ እሁድ ከሆነ ሐኪሙን "መርፌውን ወደ ኳሱ ቀን እናስጠጋው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

የመደበኛው ትልቅ ጥንካሬ የመድማት ቀን ላይ ነው። ያው መድኃኒት ይከላከላል፣ ያው መድኃኒት ደም ያቆማል። ጭንቅላት ሲመታ፣ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልግ ወደ 80 እና 100% ማድረስ የሚቻለው በፋክተር ነው። ይህን ቦታ እስካሁን የወሰደበት የለም።

ከፕላዝማ የተሠራው ይሻላል ወይስ ሪኮምቢናንት የሚባለው የላብራቶሪው? ብዙ ሰው ያለ ማመንታት "የላብራቶሪው" ይላል። ፍርሃቱ ምክንያት አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፕላዝማ ፋክተር ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ በሺዎች ለሚቆጠሩ ታካሚዎች ተላልፏል። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ያ ቁስል አልደረቀም። ከዚያ ወዲህ ግን ፕላዝማው ይመረመራል፣ ቫይረስ በሙቀትና በኬሚካል ይገደላል። በሌላ በኩል፣ በ2016 የታተመ ሲፔት የተባለ ጥናት ቀደም ሲል ፋክተር ብዙም ያልወሰዱ ሕፃናትን አነጻጽሮ ነበር። ኢንሂቢተር የተፈጠረው ከፕላዝማ የተሠራውን ከወሰዱት 26.8% ላይ፣ ሪኮምቢናንት ከወሰዱት ደግሞ 44.5% ላይ ነው። ስለዚህ ገና ለሚጀምር ሕፃን፣ በተለይ የጂን ለውጡ ትልቅ ከሆነ፣ የፕላዝማው ምርጫ እንደ ድሃ አማራጭ መታየት የለበትም። ለዓመታት ፋክተር ሲወስድ ለኖረ አዋቂ ይህ ልዩነት ብዙም አያሳስብም።

ክራዮፕሪሲፒቴት የሚባልም አለ። የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲሟሟ የሚቀረው ዝቃጭ ነው። ጁዲት ፑል የተባለች ተመራማሪ በ1960ዎቹ አጋማሽ ፋክተር 8 እዚያ ውስጥ ተከማችቶ እንደሚገኝ አሳየች፣ ብዙ ሰውም ዳነበት። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ የሚገድለውን ሂደት ሳያልፍ ነው የሚሰጠው። ሌላ ሲጠፋ ሕይወት ለማትረፍ ይወሰድ፤ ለዘወትር መከላከያ አይመረጥም።

ዕድሜው የተራዘመ ፋክተር

እዚህ ምድብ ውስጥ ሁለት ትውልድ አለ፤ ሻጭም ወላጅም አንድ ላይ ይጠራቸዋል። የመጀመሪያው ትውልድ መቆያውን ከ12 ሰዓት ወደ 15 እና 19 ሰዓት ነው ያደረሰው። ከዚያ ያልዘለለው ፋክተር 8 ከፎን ቪሌብራንድ ፋክተር ጋር ስለሚጣበቅና እሱ ሲወገድ አብሮ ስለሚወገድ ነው። በሳምንት ሦስት የነበረው መርፌ ሁለት ይሆናል። ጥሩ ነው፣ ግን ነገር የሚቀይር አይደለም።

ሁለተኛው ትውልድ ኢፋኔሶክቶኮግ አልፋ ነው። ይህኛው የራሱን የፎን ቪሌብራንድ ቁራጭ ይዞ ስለሚመጣ በደም ውስጥ ካለው ጋር አይታሰርም። መቆያው ከ40 ሰዓት በላይ ሆነ። በኪሎ 50 ዩኒት በሳምንት አንድ ጊዜ ይሰጣል። በ2023 በታተመው ጥናት አዋቂዎች አብዛኛውን ሳምንት ከ40% በላይ ነበሩ፤ ይህ ሄሞፊሊያ ከሌለበት ሰው ዝቅተኛ ወሰን ጋር የሚቀራረብ ነው። በሰባተኛው ቀን እንኳ 15% ገደማ ይቀር ነበር። በዝቅተኛው ቀን መስፈርት ከተመዘነ ከፋክተሮች ሁሉ የሚወዳደረው የለም። መድማትንም ያቆማል።

ጉድለቱ? አሁንም በደም ሥር ነው። አንዳንድ የላብራቶሪ መለኪያ ዘዴዎች የተሳሳተ ቁጥር ይሰጡበታል። አቅርቦቱም ገና በየቦታው አልደረሰም። ኢንሂቢተር ላለበት ሰው ደግሞ ይህም ፋክተር 8 ነውና መፍትሔ አይሆንም።

ኤሚሲዙማብ

ይህ ፋክተር አይደለም። ሁለት እጅ ያለው አንቲቦዲ ነው፤ በአንዱ ፋክተር 9ን፣ በሌላው ፋክተር 10ን ይዞ ያቀራርባቸዋል። ፋክተር 8 የሚሠራውን የማገናኘት ሥራ ይሠራል። ከፋክተር 8 ጋር ስለማይመሳሰል ኢንሂቢተር አይነካውም።

ከቆዳ ሥር ነው የሚሰጠው። ለአራት ሳምንት በየሳምንቱ በኪሎ 3 ሚሊግራም ይጀመራል። ከዚያ በየሳምንቱ 1.5፣ ወይም በየሁለት ሳምንቱ 3፣ ወይም በየአራት ሳምንቱ 6 ሚሊግራም በኪሎ ይቀጥላል። ያ 20 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ በየሳምንቱ 30 ሚሊግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብልጠት ይጠይቃል። ብልቃጡ የሚመጣው በተወሰነ መጠን ነው፤ ከተከፈተ በኋላ የተረፈው ይጣላል። የጊዜ ርቀቱን ከልጁ ክብደትና ከብልቃጡ ጋር ማስማማት ብክነቱን ይቀንሳል። ፋርማሲስቱን ቁጭ ብላችሁ አስልታችሁ ጠይቁት።

መድኃኒቱ በግማሽ ለመቀነስ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከፍታና ዝቅታ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። እሁድም ሰኞም አንድ ነው። በ2018 በታተመ ጥናት፣ ኢንሂቢተር የሌለባቸው ሰዎች መከላከያ ከማይወስዱት ጋር ሲነጻጸሩ መድማታቸው በ96% ቀንሷል። ኢንሂቢተር ላለበት ልጅ ከዚህ በፊት የነበረውን ኑሮ ለሚያስታውስ ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ግን ሦስት ነገር ካላወቃችሁ አትጀምሩት። አንደኛ፣ የጀመረን መድማት አያቆምም። ሰውየውን ወደ ቀላል ሄሞፊሊያ ያስጠጋዋል እንጂ ሙሉ ጤነኛ አያደርገውም። ከባድ አደጋ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲመጣ ፋክተር ያስፈልጋል። ኤሚሲዙማብ ጀምረናል ብሎ ቤት ያለውን ፋክተር መጨረስ አደገኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ኤፒቲቲ የሚባለውን የተለመደ የደም መርጋት ምርመራ ያሳስታል። ውጤቱ "ጤነኛ" ይላል፣ ሰውየው ግን ሄሞፊሊያ አለበት። መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላም ይህ እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል። ድንገተኛ ክፍል የገባ ታካሚ ይህን የሚናገር ካርድ ኪሱ ውስጥ ከሌለው፣ የማያውቀው ሐኪም በወረቀቱ ተታልሎ ሊያሰናብተው ይችላል።

ሦስተኛው ኢንሂቢተር ላለባቸው ነው። የነቃ ፕሮትሮምቢን ኮምፕሌክስ የሚባለው፣ ኢንሂቢተር ያለበት ሰው ሲደማ የሚሰጥ መድኃኒት በቀን በኪሎ ከ100 ዩኒት በላይ ሆኖ ለ24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከኤሚሲዙማብ ጋር ሲደራረብ፣ በትንንሽ የደም ሥሮች ውስጥ አደገኛ የደም መርጋት አምጥቷል። ለእነዚህ ታካሚዎች ሲደሙ የሚመረጠው የነቃ ፋክተር 7 ነው።

አቀማመጡ ፍሪጅ ይፈልጋል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት፣ በድምሩ ከ7 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ውጭ ሊቆይ ይችላል።

ሚዛን የሚያስተካክሉት አዳዲሶቹ

እነዚህ የጎደለውን አይተኩም። ደም እንዳይረጋ የሚከለክለውን ተፈጥሯዊ ፍሬን ያላላሉ። ኮንሲዙማብ በየቀኑ፣ ማርስታሲማብ በየሳምንቱ፣ ፊቱሲራን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ከቆዳ ሥር ይሰጣሉ። በአሜሪካ የተፈቀዱት በ2024 እና በ2025 ነው፤ ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ። ከኢንሂቢተር ጋርም ይሠራሉ፣ ለሄሞፊሊያ ቢም ያገለግላሉ። እንደኔ ለሄሞፊሊያ ቢ ታካሚዎች ነው ትልቁ ዜና። ሄሞፊሊያ ኤ ያለበት ሰው ኤሚሲዙማብ እያለለት ወደ እነዚህ ለመሄድ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ያለቦታው የሚረጋ ደም የታወቀ ስጋታቸው ነው፤ ፊቱሲራን ላይ ደግሞ የጉበትና የሐሞት ከረጢት ክትትል ይጨመራል።

ጂን ቴራፒ

ቫሎክቶኮጂን ሮክሳፓርቮቬክ በአውሮፓ በ2022፣ በአሜሪካ በ2023 ተፈቀደ። በሽታ የማያመጣ ቫይረስ አጠር ያለ የኤፍ 8 ጂን ተሸክሞ ወደ ጉበት ሴሎች ይገባል። የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለአዋቂዎች፣ ከባዱ ዓይነት ላለባቸው፣ ኢንሂቢተር ለሌለባቸውና ለተሸካሚው ቫይረስ አንቲቦዲ ለሌላቸው ነው። በዋናው ጥናት 134 ወንዶች ወስደውታል፤ መድማታቸውም በ80% ገደማ ቀንሷል።

"አንድ ጊዜ" የሚለው ቃል ሰውን ይስባል። የፋክተሩ መጠን ግን ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ እየወረደ ነው የሚሄደው፤ ከሰው ሰውም በጣም ይለያያል። አንዱ ለዓመታት ሳይደማ ሲቆይ ሌላው ወደ ቀድሞ መድኃኒቱ ተመልሷል። ሰውነት ለቫይረሱ አንቲቦዲ ስለሚሠራ ሁለተኛ ጊዜ መድገም አይቻልም። ጉበት ስለሚቆጣ ብዙዎች ለወራት ስቴሮይድ ይወስዳሉ፤ የደም ምርመራው በተለይ መጀመሪያ ላይ በጣም የተደጋገመ ነው፣ አልኮልም ይገደባል። ለሕፃናት አልተፈቀደም፤ የሚያድግ ጉበት ሴሎቹን ስለሚከፋፍል የገባው ጂን ይሳሳል። ኤሚሲዙማብ ወይም የሳምንቱ ፋክተር እየሠራለት ያለ ወጣት ይህን ዕድል ለመጠቀም ቢቸኩል አልመክረውም። የተሻለው ትውልድ ሲመጣ፣ ቀድሞ የወሰደ ሰው በአንቲቦዲው ምክንያት በሩ ሊዘጋበት ይችላል።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| አማራጭ | አሰጣጥ | በዝቅተኛው ቀን የሚቀረው | የጀመረን መድማት ያቆማል? | ኢንሂቢተር ካለ | አቅምና አቅርቦት |
|---|---|---|---|---|---|
| መደበኛ ፋክተር 8 | በደም ሥር፣ በሳምንት 3 ጊዜ ገደማ | ከ1 እስከ 3%፣ አንዳንዴ በታች | አዎ | ከፍተኛ ከሆነ አይሠራም | በስፋት ይገኛል |
| የተራዘመ፣ 1ኛ ትውልድ | በደም ሥር፣ በሳምንት 2 ጊዜ ገደማ | ከመደበኛው ትንሽ ይሻላል | አዎ | ከፍተኛ ከሆነ አይሠራም | መካከለኛ |
| ኢፋኔሶክቶኮግ አልፋ | በደም ሥር፣ በሳምንት 1 ጊዜ | 15% ገደማ | አዎ | ከፍተኛ ከሆነ አይሠራም | ውድ፣ በጥቂት ቦታ |
| ኤሚሲዙማብ | ከቆዳ ሥር፣ ከየሳምንቱ እስከ በየ4 ሳምንቱ | ቋሚ፣ እንደ ቀላል ሄሞፊሊያ | አይ | ይሠራል | ውድ፣ አቅርቦቱ እየሰፋ |
| ሚዛን አስተካካዮች | ከቆዳ ሥር፣ ከየቀኑ እስከ በየ2 ወሩ | በፋክተር መጠን አይለካም | አይ | ይሠራሉ | ውድ፣ ከ12 ዓመት ጀምሮ |
| ጂን ቴራፒ | በደም ሥር፣ አንድ ጊዜ | ከሰው ሰው ይለያያል፣ ይወርዳል | በመጠኑ ይረዳል፣ ከባዱ ፋክተር ይፈልጋል | አይፈቀድም | እጅግ ውድ፣ ለአዋቂ ብቻ |

ለማን የትኛው?

*ገና የታወቀበት ሕፃን።* ኤሚሲዙማብ ከተገኘ እሱን አስቀድማለሁ። ደም ሥር ፍለጋው ይቀራል፤ ጭንቅላት ውስጥ የመድማት አደጋ ከፍ በሚልባቸው የመጀመሪያ ወራትም ጥበቃ አለው። ካልተገኘ በሳምንት አንድ ቀን በትንሽ መጠን ፋክተር ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል። ከፕላዝማ የተሠራው ካለ ስለ ሲፔት ጥናት ሐኪሙን አንሱበት።

*አቅርቦቱ ጠባብ የሆነበት ቤተሰብ።* "ሙሉ መጠን ካልተገኘ ምን ዋጋ አለው" አትበሉ። በኪሎ ከ10 እስከ 15 ዩኒት በሳምንት ሁለት ጊዜ እንኳ ሲደማ ብቻ ከመስጠት በጣም ይሻላል። ለ20 ኪሎ ልጅ በኪሎ 10 ዩኒት በሳምንት 400 ዩኒት ማለት ነው። ሙሉው መከላከያ፣ በየሁለት ቀኑ 500 ሲሆን፣ በሳምንት 1,750 ይፈጃል። ከሩብ በታች በሆነ መጠን ብዙ መገጣጠሚያ ይድናል። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን የ2020 መመሪያም ይህን መንገድ ይቀበላል። ፌዴሬሽኑ ለታዳጊ አገሮች በእርዳታ የሚልከው መድኃኒት ስላለ የታካሚዎች ማኅበር ካለ ተመዝገቡ።

*ስፖርት የሚወድ ታዳጊ ወይም ወጣት።* ከፍታ ያስፈልገዋል። ኢፋኔሶክቶኮግ አልፋ ካለ በጨዋታው ቀን ጠዋት መውሰዱ ልዩ ጥቅም አለው። ከሌለ መደበኛውን ፋክተር ከልምምድ ቀን ጋር ማግጠም ነው። ኤሚሲዙማብ ላይ ያለም ንክኪ ለበዛበት ጨዋታ ተጨማሪ ፋክተር ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቅ።

*ኢንሂቢተር ያለበት።* ለመከላከያ ኤሚሲዙማብ፣ ለመድማት ቀን የነቃ ፋክተር 7። ኢንሂቢተሩን ለማጥፋት ፋክተር በተከታታይ እየሰጡ አካልን ማለማመድም አለ፤ ረጅምና አድካሚ ነው፣ ግን ለብዙዎች ይሳካል። ከተሳካ ፋክተር 8 ተመልሶ መሥራት ይጀምራል። ወደፊት ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው ይህ ትልቅ ዋጋ አለው።

*መገጣጠሚያው የተጎዳ አዋቂ።* መድኃኒት መቀየር ብቻውን ሕመሙን አያጠፋም። ፊዚዮቴራፒ በእኩል ደረጃ ይታሰብ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ስለሚያቀጥኑ ያለ ሐኪም አይነኩ።

*ቀላል ሄሞፊሊያ ያለበት።* ከላይ ካሉት አብዛኞቹ አያስፈልጉት ይሆናል። ዴስሞፕሬሲን በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ፋክተር 8 እንዲለቀቅ አድርጎ መጠኑን ጥቂት እጥፍ ሊያሳድግ ይችላል። ሁሉም ሰው ላይ እኩል ስለማይሠራ፣ ችግር ከመምጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ መጠኑ ይለካ። በተከታታይ ቀናት ሲሰጥ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በዚያን ቀን ብዙ ውኃ መጠጣትም አይፈቀድም። ለድድና ለጥርስ መድማት፣ የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ሽንት ላይ ደም ካለ ግን አይሰጥም።

የትኛውንም ብትመርጡ ሐኪሙ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ላይ አስጽፉ፦ የጉድለቱ ዓይነትና መጠን፣ የመጨረሻው የኢንሂቢተር ውጤትና ቀኑ፣ የሚወሰደው መድኃኒት፣ ጭንቅላት ከተመታ የሚሰጠው ፋክተር ስንት ዩኒት እንደሆነ፣ በሌሊት የሚደወልበት ቁጥር። አንዱ ቅጂ ትምህርት ቤት ይቀመጥ፣ አንዱ ከልጁ ቦርሳ አይለይ። ክብደቱ ሲጨምር ዩኒቱም ስለሚቀየር በየስድስት ወሩ ይታደስ።